ለአልጋ የተለካው ጥግ

ቅዳሜ ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ለእናቷ የዓይን ጠብታ ልታደርግ በራሷ ቁልፍ ከፍታ ስትገባ፣ ታላቅ ወንድሟን በእናታቸው መኝታ ክፍል ውስጥ ተንበርክኮ አገኘችው። መጀመሪያ አልጋ ሥር የገባ ነገር የሚፈልግ መስሏት ነበር። ጠጋ ስትል ግን የልብስ ሰፊ ሜትር በእጁ እንደያዘ አየች። አንዱን ጫፍ ራስጌው ላይ በአውራ ጣቱ ተጭኖ፣ ሌላውን ወደ ግርጌ እየጎተተ፣ አንገቱን ወደ ወጥ ቤቱ መለስ አድርጎ፣ «ሁለት ሜትር ከአምስት፤ ወርዱ ዘጠና። እሷ ሳሎን በመስኮቱ በኩል ልክክ ይላል» አለ። ከወጥ ቤት ደግሞ የታናሽ እህቷ ድምፅ፣ «ሶፋው ከወጣማ ምን ችግር አለው» ሲል መለሰ። ኮሪደሩ ላይ ቦርሳዋን እንዳንጠለጠለች ቆመች። እሷ የተባለችው ራሷ ነበረች። ሳሎኑም የራሷ ሳሎን ነበር።

በአንድ ትልቅ ሆስፒታል ምድር ቤት ውስጥ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ የሰው አጥንት በራጅ ስታነሳ የኖረች፣ አርባ ስድስት ዓመት የሞላት ሴት ናት። አላገባችም፤ አልወለደችም። ቤተሰቡ ውስጥ «አንቺ ምን አለብሽ» የሚባለው ለሷ ነው። ሠርግ ላይ ዕቃ የሚጠብቅ ሰው ሲፈለግ፣ ሆስፒታል የሚያድር አስታማሚ ሲጠፋ፣ አንቺ ምን አለብሽ። አሁን ደግሞ የእህቷ ባል ወደ ሌላ ከተማ ተዛውሯል። ባልና ሚስቱ ከእናትየዋ ጋር የሚኖሩበት ይህ የኪራይ ቤት በሁለት ሳምንት ውስጥ ለባለቤቱ ይመለሳል፤ መታጠቢያ ቤት ወድቃ ከተነሳች ሁለት ወር የሆናትን እናትም ብቻዋን መተው አይቻልም። ይህንን ሁሉ ራጅ አንሺዋ ታውቅ ነበር። የማታውቀው ነገሩ አልቆ፣ ተቆርጦ፣ ሜትር መውጣቱን ነው።

ወንድሟ ሲያያት ጉልበቱን እያራገፈ ተነሳ። «መጣሽ እንዴ?» አለ፤ ሜትሩን በጣቱ ላይ ይጠቀልል ጀመር። «እየለካህ ነው፣ ጋሼ?» አለችው። «እንዲያው ለማንኛውም ብዬ ነው። ነገ ቁጭ ብለን እንነጋገርበታለን።» ከዚያ ሜትሩን ኪሱ ከቶ፣ «እኔ ቤት እንደሆነ ታውቂዋለሽ፤ ሦስት ልጅ፣ የሚስቴ ወገብ። አንቺ ዘንድ ጸጥታ አለ። ለአንቺም ጓደኛ ትሆንሻለች» ሲል ጨመረ። እህቷ ከወጥ ቤት ብቅ ብላ፣ የደረቀ ብርጭቆ መልሳ እያደረቀች፣ «እታለም፣ ሻይ ላፍላልሽ?» አለቻት። አልፈልግም አለች። ሦስቱም የአንድ እናት ልጆች ናቸው፤ ሦስቱም ጠቡን ከመጀመር ይልቅ ግድግዳ ማየት የሚመርጡ ናቸው።

እናትየዋ ሳሎን መስኮቱ ሥር፣ ወንበሯ ላይ አንገቷን ወደ ኋላ ጥላ ጠብታዋን ትጠብቃለች። የዓይኗ ሞራ ከተገፈፈላት ሦስት ሳምንት ሆኗታል። የታናሽየዋ እጅ ስለሚንቀጠቀጥ ጠዋትና ማታ ጠብታውን የምታደርገው ራጅ አንሺዋ ናት። የዓይኗን ሽፋን በአመልካች ጣቷ ዝቅ አድርጋ አንድ፣ ሌላኛውንም አንድ ጣለች። «ዛሬ እጅሽ ቀዝቅዟል» አለች እናት። «ውጭ ብርድ ነው።» «እንዲያ ነው?» አለች እናትየዋ ዓይኗን እንደጨፈነች። ልጅቷ ልትጠይቃት አፏ ድረስ የመጣ ነገር ነበር፤ ዋጠችው። የፈሰሰውን ጠብታ ያበሰችበትን ሶፍት አጥፋ ቅርጫት ውስጥ ጣለችና ወጣች።

አውቶቡሱ ውስጥ ሆና ያሰበችው በመስኮቱ በኩል ስላለው የሳሎኗ ጥግ ነው። ባለፈው ሳምንት እሷም ለክታው ነበር፤ ርዝመቱ ሁለት ሜትር ከሃያ፣ ወርዱ አንድ ሜትር። የምትኖረው ከአንድ ፎቅ ሕንፃ ምድር ላይ ባለች፣ ሳሎንና አንድ መኝታ ክፍል ብቻ ባላት ቤት ውስጥ ነው። ግቢው ጠባቂ ስለሌለው ደጅ ያደረ ሞተር ጠዋት አይገኝም፤ ስለዚህ ልትገዛ ያሰበችውን ሞተር ብስክሌት ሳሎን ውስጥ ልታሳድር ወስናለች። ሞተር መንዳት የጀመረችው ከሦስት ዓመት በፊት ነው። ከሞተር ወድቃ የትከሻ አጥንቷ ተሰብሮ የመጣች አንዲት ሴት ራጁ ሥር ተኝታ እየሳቀች ስታስቸግራት፣ ሰው ተሰብሮ የሚስቅበት ቦታ ምን ይመስላል ብላ ልታይ ሄደች። ከዚያ ወዲህ በየሁለት ሳምንቱ ቅዳሜ ኪራይ ሞተር ላይ ትወጣለች። ሥራ ቦታ፣ «አንቺ ስትወድቂ ማን ያነሳሻል?» ይሏታል። ማንሳት ሲሉ ራጅ ማንሳት ማለታቸው ነው።

ቦታው ከከተማው ዳር፣ የቆርቆሮ መጋዘኖች መሃል ያለ የካርት መንጃ ነው። ካርት የሚባሉት መሬት ለመሬት የሚሄዱ ትንንሽ የውድድር መኪኖች የሚጋልቡበት፣ እንደ አንጀት የተጠማዘዘ አጭር አስፋልት። ከሰዓት በፊት ለሞተሮች ይለቀቃል። ከጀርባው ኮንቴይነር ውስጥ ሽቦ የሚሉት መካኒክ ይሠራል። ስድሳ ዓመት ያለፈው፣ ቀጭን፣ የማይጠገን የሚመስለውን ሁሉ በሽቦ አስሮ የሚያስነሳ ሰው ነው። ሱፐርሞቶ የሚባለው፣ እዚያ የሚነዳው የሞተር ዓይነት፣ ምን እንደሆነ መጀመሪያ ያስረዳት እሱ ነበር፤ «ፍየል ናት፣ የከተማ ጫማ ያደረገች» ብሎ። የጉድባና የዳገት ሞተር ነው ቁመናው፤ ረጅም፣ ቀላል፣ አንድ ፒስተን ብቻ ያለው። ትልልቆቹ ቸርኬዎቹ ወልቀው በትንንሽ ይተካሉ፤ ጥርስ የሌለው የአስፋልት ጎማ ይገባላቸዋል፤ የፊት ፍሬኑ ክብ ብረት እንደ ሳህን ይሰፋል። ከዚያ በኋላ ጠባብ መንገድ ላይ የሚደርስባት የለም።

አንዷን መርጣ እንድትገዛ ሽቦ ያሰናዳቸውን ሁለት ሞተሮች ኮንቴይነሩ ፊት ለፊት ጎን ለጎን አቁሞ ጠበቃት። «ቀይዋ ለሩጫ የተወለደች ናት፣ ሲስተር» አለ፤ ሆስፒታል የምትሠራ ሴት ሁሉ ለሱ ሲስተር ናት። «መቶ አሥር ኪሎ። ነካ ስታደርጊያት ትዘላለች። ግን በየአሥር ሰዓቱ ዘይቷን ካልቀየርሽ ታኮርፋለች፤ በዓመት አንዴ ሆዷን መክፈት ነው። ታርጋም የላትም፤ ጭነሽ ታመጫታለሽ፣ ጭነሽ ትመልሻታለሽ።»

«ግራጫዋስ?»

«አሮጊት ናት። ከቀይዋ በሠላሳ ኪሎ ትከብዳለች፣ ቶሎ አትቆጣም። ታርጋ አላት። በሳምንቱ ሥራ ትሄጂባታለሽ፣ ቅዳሜ እዚህ ትጫወቺባታለሽ፣ ነድተሽ ቤትሽ ትገቢያለሽ። ቀይዋ ለፍቅር ነች፣ ግራጫዋ ለትዳር።» ከዚያ እንዳላስቀየማት ለማየት በጎን አያት። አልተቀየመችም። ዋጋቸው ያን ያህል አይራራቅም፤ ቀይዋ መቶ ሰማንያ ሺህ፣ ግራጫዋ መቶ ሃምሳ። ገንዘቡን ሁለት ዓመት አጠራቅማዋለች። ቁጢጥ ብላ ትመረምር ጀመር። የኋላ ጎማውን በሁለት እጇ ይዛ ግራና ቀኝ ነቀነቀች፤ ኩሽኔታው ያረጀ ከሆነ ጠቅ ጠቅ ይላል። ራጂዎቹን፣ የቸርኬውን ቀጫጭን ዘንጎች፣ አንድ በአንድ በቁልፍ መታ መታ እያደረገች ድምፃቸውን አዳመጠች። የፊቱን አሞርዛተር፣ ንዝረት የሚውጡትን ሁለት ቱቦዎች፣ በአውራ ጣቷ ዳበሰች፤ የቀይዋ ግራ እግር ላይ ስስ የዘይት ሽፋን ተገኘ። አጥንት ሲያይ የኖረ ዓይን የት መመልከት እንዳለበት ማንም አያስተምረውም።

ልትሞክራት ግራጫዋን ይዛ ወደ ከተማ ወጣች። ኮርቻው ከፍ ያለ ስለሆነ ስትቆም የእግሯ ጣት ጫፍ ብቻ ነው መሬት የሚነካው፤ በየመብራቱ አንድ እግሯን ዘርግታ፣ ዳሌዋን አንሸራታ ትቆማለች። ከዚያ ላይ ሆኖ የመኪኖች ጣራ ይታያል፤ አቧራው፣ የረሱት ጋዜጣ። ጉድጓድ ሲመጣ ፍሬን አያስይዝም፤ ሞተሯ እግሯን አጥፋ ዘርግታ ታልፈዋለች። የፊቱን ፍሬን ስትጨብጥ ግን የሞተሯ አፍንጫ ወደ መሬት ይደፋል፤ ይህን መልመድ ያስፈልጋል። አደባባዩን ሁለቴ ዞረች። ከዚያ ሳታስበው ወደ ራሷ ሰፈር ታጠፈች፤ የመግቢያው ደረጃ ምን ያህል ከፍታ እንዳለው ልታይ ነው ብላ ለራሷ ነገረች። ሞተሩን ሳታጠፋ ከማዶ ቆመች። አንድ ስንዝር ደረጃ ነው፤ ሳንቃ ቢጣልበት ይወጣል። ከዚያ መስኮቷን አየች። የተዘጋ መጋረጃ፣ ማንም ያልነካው። ሌሎቹ መስኮቶች ላይ የተሰጣ ልብስ፣ ተንጠልጥሎ የሚያይ ሰው፣ ሬዲዮ አለ። የቤቷን መስኮት ከውጭ ቆማ አይታው እንደማታውቅ ያን ጊዜ ገባት። ባታውቀው ኖሮ ቤቱ ባዶ ነው፣ ይከራያል ትል ነበር።

ስትመለስ የካርት መንጃው መግቢያ ላይ እንደ ሁልጊዜው ቅጽ ሞላች፤ ስም፣ የደም ዓይነት፣ አደጋ ቢደርስ የሚጠራ ሰው። ሄልሜቷን አጥብቃ በቀይዋ ገባች። ሽቦ ያለው እውነት ነው፤ ትዘላለች። ነዳጅ መስጫውን በጣት ሲነኩት ክንድ እስኪረዝም ትጎትታለች። ሁለት ዙር በደህና ሄደች። በሦስተኛው፣ ቀጥታው ሲያልቅ ባለው ጥብቅ የግራ መታጠፊያ ላይ፣ ወደ ሁለተኛ ማርሽ አውርዳ ፍሪሲዮኑን በድንገት ለቀቀችው። የኋላ ጎማው ተቆልፎ መሬቱን ረገጥ ረገጥ አደረገና ከሥሯ ሸሸ። በጎኗ አስፋልቱ ላይ ተንሸራታ ቆመች። ሰማዩ ነጭ ነበር። አልተነሳችም፤ እንደ ሥራዋ ከላይ ወደታች ጀመረች። የትከሻ አጥንት፣ ደህና። ጎድን፣ ደህና። የእጅ አንጓ፣ ያማል፣ ግን አልተሰበረም። ሌሎቹ ነጂዎች እየዞሩ ስለነበር ድምፃቸው ይቀርባል ይርቃል።

ሽቦ እየሮጠ ደረሰ። «ጣትሽን አንቀሳቅሺ።»

«አንቀሳቅሻለሁ።»

«ስምሽን ታውቂያለሽ?»

«ያንተንም አውቃለሁ።»

ክንዷን ይዞ አስነሳት። ቀይዋን እየገፉ ሲወጡ፣ «ለማን ልደውል ብዬ እየሮጥኩ ቅጹን ባየው» አለ፣ «የተጻፈው የኔ ስልክ ነው።» «በቃሌ የማውቀው እሱን ስለሆነ ነው» አለችው። ይስቃል ብላ ነበር፤ አልሳቀም።

ሻይ ቤት መሳይዋ ጎጆ ውስጥ ሩብ ሰዓት ተቀምጣ፣ አንጓዋን በፋሻ አስራ፣ በግራጫዋ ገባች። ያቺ አትዘልም፤ ትጠብቃለች። ከመታጠፊያው በፊት ወደ ነዳጅ ታንከሩ ተጠግታ መቀመጥ፣ የውስጥ እግሯን ወደ ፊት መዘርጋት፣ የውጭ ክርኗን ከፍ ማድረግ፣ ራሷ ቀጥ ብላ ሞተሯን ወደ ታች መጫን። ሦስት ዓመት የተማረችው ይህንን ነው፤ ሦስት ዓመትም አንዱ ሲሟላ ሌላው ይጎድልባታል። በሰባተኛው ዙር፣ ያው የጣላት መታጠፊያ ላይ፣ ፍሪሲዮኑን በሁለት ጣት እንደ ክር ቀስ ብላ ለቀቀችው። ጅራቷ ትንሽ ወደ ውጭ ወጣች፤ ትንሽ ብቻ። ከዚያ ራሷ ተመለሰች። የሆነው በአንድ ትንፋሽ ውስጥ ነው። በዚያች ትንፋሽ ውስጥ ወንድም የለም፣ ሜትር የለም፣ አንቺ ምን አለብሽ የለም። በሚቀጥለው ዙር ሞከረችው፤ እንደገና ሆነላት።

ወጥታ የአሮጌ ጎማ ክምር ላይ ተቀመጠች፤ ውኃ ጠጣች። ደስታው ገና አልለቀቃትም። ከአጠገቧ አንድ ነጂና ሚስቱ እሷ በስልክ የቀረጸችውን አንገት ለአንገት ተያይዘው ያያሉ፤ «እዚህ ጋ፣ እዚህ ጋ እይ» ይላል። ሌላው ለእናቱ ደውሎ እየጮኸ ያወራል። ራጅ አንሺዋ ስልኳን አወጣች። ለማን ነው የምትነግረው? ለእህቷ ብትነግራት፣ «እታለም፣ በዚህ ዕድሜሽ» ትላለች። ስልኩን መለሰችው። ቤት ስትገባም የሚጠይቃት የለም፤ ነገ ማታም፣ ከነገ ወዲያም። ጠዋት እንደ እሾህ የወጋት ነገር ያኔ በሌላ ጎኑ ታያት። ማታ ስትገባ አንዲት ሴት መስኮቱ ሥር ተቀምጣ፣ «ዛሬ ምን ዋልሽ?» ብትላትስ? ወንድሟ ሳይጠይቃት መወሰኑ በደል ነው፤ ግን የወሰነው ነገር ራሱ ክፉ ነው? ውኃዋን ጨርሳ ተነሳች። ከዚያ ሽቦ ዘንድ ሄዳ፣ «ግራጫዋ ጥሩ ናት። ግን አልወስዳትም፤ የማሳድርበት ቦታ ለእናቴ ሊሆን ነው» አለችው። ሽቦ እጁን በጨርቅ ጠረገ። «ለእናት ከሆነ ምን ይባላል» አለ። «ሞተር ሁለተኛ ይገኛል።»

ወደ እናቷ ቤት ስትመለስ መንገድ ላይ የግንባታ ዕቃ መደብር ገባች፤ መታጠቢያ ቤት ግድግዳ ላይ የሚታሰር፣ አሮጊት የምትይዘው የብረት መደገፊያ ገዛች። ሻጩ ሁለት ዓይነት አሳይቷት ወፍራሙን መረጠች። አውቶቡሱ ውስጥ ጭኗ ላይ አስቀምጣ ታሰላስል ነበር። ሶፋውን ትሸጠዋለች። ሬዲዮ ትገዛለች። የማታ ተራዋን ከአንድ ባልደረባዋ ጋር ትለዋወጣለች። ቅዳሜ ለሦስት ሰዓት ጎረቤት ብታስቀምጥላት፣ የኪራዩን ሞተር መንዳቷም አይቀርም። የትኛዋን ጎረቤት እንደሆነ ግን አላወቀችም። አሥራ አንድ ሰዓት ገደማ ስትገባ ልቧ ሞቆ ነበር።

ወንድሟና እህቷ ሳሎን ተቀምጠው ካርቶን ውስጥ ሳህን በጋዜጣ እየጠቀለሉ ያስገባሉ። ጠብታውን እንዳደረገች፣ ጠርሙሱን ሳትከድን፣ «እማዬን እኔ እወስዳታለሁ» አለች። «ሶፋውን አወጣለሁ። የመታጠቢያ ቤት መደገፊያም ገዝቻለሁ።» የወንድሟ ትከሻ ወረደ፤ «ተባረኪ» አለ በለሆሳስ። እህቷ ሳህን ይዛ ቀረች።

«ወዴት ነው የምትወስጂኝ?» አለች እናትየዋ። ዓይኖቿ ተጨፍነዋል፤ ጠብታው በጉንጯ ይወርዳል።

«እኔ ቤት ነዋ፣ እማዬ።»

«ጠዋት አልጋዬ ሲለካ እዚሁ ወንበር ላይ ነበርኩ። የታመመው ዓይኔ ነው፣ ጆሮዬ አይደለም። እንደ ቁም ሳጥን ለካችሁኝ፣ አንድ ሰው ግን ወዴት መሄድ ትፈልጊያለሽ አላለኝም። አንቺም ጠዋት ጠብታውን አድርገሽ ዝም ብለሽ ወጣሽ።» እውነት ነው። «አንቺ ቤት አልሄድም፣ ልጄ።»

«ለምን?»

«ክፉ ሆነሽ አይደለም። ከልጆቼ እጅ ሁሉ የሚቀለው የአንቺ ነው። ግን አምና ሲያመኝ ሦስት ቀን አንቺ ዘንድ ተኛሁ። በሦስት ቀን አንድ ሰው በርሽን አላንኳኳም። ጠዋት ትወጫለሽ፣ ማታ ትገቢያለሽ፤ መሃሉን እኔ የቧንቧውን ጠብታ ስቆጥር እውላለሁ። አንቺ ብቻሽን መኖር ታውቂበታለሽ። እኔ አላውቅበትም። በዚህ ዕድሜዬ ደግሞ አልማረውም።» ፊቷን ድምፅ ወደምትሰማበት ወደ ወንድ ልጇ አዞረች። «አንተ ቤት ነው የምሄደው። ልጆችህ ይንጫጩብኝ። ሚስትህ ፊቷን ብታጠቁርብኝም ግድ የለም፤ ዓይኔ እንደሆነ ገና አጥርቶ አያይም።»

እህቷ ሳታስበው ሳቀች፤ ከዚያ ማልቀስ ጀመረች። ወንድሟ እጁን ጉልበቶቹ መሃል ከቶ ወለሉን ሲያይ ቆየ። በመጨረሻ፣ «እሺ፣ እማዬ» አለ። ራጅ አንሺዋ ጠርሙሱን ከደነች። ከትከሻዋ የወረደ ሸክም መኖር ነበረበት፤ ጠዋት ቢሆን ኖሮ እፎይ ትል ነበር። አሁን ግን ልታቀርበው ያመጣችው ነገር እጇ ላይ የቀረባት ሰው ስሜት ነው የተሰማት። መደገፊያውን ከከረጢቱ አውጥታ ለወንድሟ ሰጠችው። «ብሎኑን ግድግዳው ውስጥ አጥልቀህ እሰረው፣ ጋሼ። ብሎኬት ከሆነ ብሎኑን የሚያጨብጥ ፊሸር ያስፈልገዋል» አለችው። እሱም ቀና ብሎ ሳያያት፣ «እሺ» አለ።

ደረጃው ላይ ሆና ለሽቦ ደወለች። «ሸጥካት?»

«በሦስት ሰዓት ውስጥ? እኔ እኮ መካኒክ ነኝ፣ ደላላ አይደለሁም።» ከዚያ፣ «እናትሽስ?»

«ወንድሜ ቤት ትሄዳለች።»

«አሃ» አለ ሽቦ። «እንግዲያው ሳልዘጋ ድረሺ።»

ገንዘቡን ከፍላ፣ ጀምበር ስትጠልቅ ግራጫዋን ነድታ ሰፈሯ ገባች። ሳንቃ ማዘጋጀቱን ረስታዋለች። ሞተሩን አጥፍታ ደረጃው ሥር ስትገፋ፣ ስትመለስ፣ የታመመው አንጓዋ እምቢ ሲላት፣ ዳቦ በፌስታል የያዙ አንድ ሽማግሌ ከኋላዋ ቆሙ። ፌስታሉን መሬት አስቀምጠው ከኋላ ገፉላት። አንድ፣ ሁለት ብለው ሞተሯ ወጣች።

«አዲስ ተከራይ ነሽ?» አሉ እያለከለኩ።

«አራት ዓመት ሆነኝ።»

«እዚሁ?» በሯን አዩ፤ እሷን አዩ። «እኔ ሁለተኛ ፎቅ ነኝ። ይቅርታ አድርጊልኝ፣ አላውቅሽም።»

«እኔም አላውቅዎትም» አለች፤ አመሰገነቻቸው። ዳቧቸውን አንስተው ወጡ።

ሶፋውን በጉልበቷ ገፍታ ሞተሯን በመስኮቱ በኩል አቆመቻት። ልክ ነው የገባችው። ክፍሉ ነዳጅና የጋለ ጎማ ሸተተ። ጃኬቷን ሳታወልቅ ወለሉ ላይ ተቀምጣ ጀርባዋን ለሶፋው ሰጠች። ሞተሩ እየቀዘቀዘ ብረቱ ጠቅ፣ ጠቅ ይላል፤ መጀመሪያ ቶሎ ቶሎ፣ ኋላ እየዘገየ። ሊያቆም ሲል ስልኳ በራ። ሽቦ ነው። «ገባሽ?» ይላል። ሞተር ለገዛው ሁሉ ይህንን እንደሚጽፍ ታውቃለች፤ መንገድ ላይ የቀረ አለመኖሩን ለማወቅ ነው። እንደዚያም ሆኖ ሁለት ጊዜ አነበበችው። «ገባሁ» ብላ ጻፈች። የምትጨምረው ነገር እየፈለገች ጣቷን ፊደሎቹ ላይ አቆይታ፣ መስኮቱ ሲጨልም እንደዚያው ላከችው።